በቆሎአችንን ከነቀዝ፣ ልጆቻችንን ከመርዝ እንጠብቅ

በቆሎ የምዕራብ ጎጃም ሀብት ነው። በክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወንበርማ ገበሬው በቆሎውን ከበርበሬ፣ ከጤፍና ከዳጉሳ ጋር ያመርታል። ቂጣው፣ ገንፎው፣ ንፍሮውና ጠላው ከዚሁ ነው። የልጆች ልብስና ደብተርም የሚገዛው ከዚሁ ነው።

ነገር ግን እህል የእኛ የሚሆነው ከጎተራ ተርፎ መሶብ ላይ ሲቀርብ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጎተራው ይሞላል። መጋቢት ሲደርስ ነቀዙ ይታያል። ሰኔ ላይ እጃችንን ብንከት የምንዘግነው ዱቄትና ቀፎ ነው። ይህን የሚፈራ ገበሬ ምን ያደርጋል? በቆሎው እንደ ደረሰ ገበያ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ያው ገበሬ ያንኑ በቆሎ በውድ ይገዛል። እንግዲህ ነቀዝ ሁለት ጊዜ ይበላናል። አንዴ በጎተራ፣ አንዴ በገበያ።

ሌላው ገበሬ ደግሞ እህሉን ለማዳን መርዝ ይገዛል። መርዙንም ልጆች በሚተኙበት ቤት ያስቀምጣል። ይህ ከነቀዝ የባሰ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ እህልን ያለ አደጋ ስለማቆየት እንነጋገራለን። ያልገባን ቦታ ካለ ደግመን እናንብብ።

ነቀዝ ከየት ይመጣል?

ነቀዝ ከእህሉ ራሱ የሚፈጠር የሚመስለን አለን። አይደለም። ነቀዝ እንደ ማንኛውም ነፍሳት ከእንቁላል ይፈለፈላል። ሴቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ ትበሳለች። በቀዳዳው ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ቀዳዳውን በሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። እኛ ፍሬውን ብናየው ደህና ይመስለናል። ትሉ ግን ውስጡን እየበላ ያድጋል። ሙቀት ባለበት ቦታ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ነቀዝ ሆኖ ቀዳዳ ሠርቶ ይወጣል። በቆላው ይፈጥናል፤ በደጋው ይዘገያል።

አንዲት ሴት ነቀዝ በዕድሜዋ ከ300 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። እነሱም ይጥላሉ። በኅዳር ጥቂት የነበረው ነቀዝ በሰኔ ጎተራ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ነቀዝ ሥራውን የሚጀምረው በቆሎው ገና ማሳ ላይ እያለ ነው። እየበረረ ወደ ማሳው ይሄዳል። ገለባው ጫፉን በደንብ ያልሸፈነለት ዛላ ቶሎ ይያዛል። በቆሎው ደርቆ ማሳ ላይ በቆየ ቁጥር ነቀዙም ይበዛል። እንግዲህ በቆሎው እንደ ደረሰ ቶሎ እንሰብስብ። ስንሰብስብም ጫፉ የተከፈተውን፣ ወፍ የነካውንና የተበሳውን ዛላ ለብቻ እንለይ። የተበሳውና የተነካው በቶሎ ይበላ። የሻገተውን ግን ሰውም ከብትም አይብላው። ደህናው ለጎተራ ይሁን።

መጀመሪያ ማድረቅ

እርጥብ እህል ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ነቀዝ ነው፤ ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በደንብ የደረቀ እህል ግን ሁለቱንም ይቋቋማል።

በቆሎውን መሬት ላይ አናስጣ። መሬቱ እርጥበት ይሰጠዋል። አፈሩም ሻጋታውን ይዞ ይመጣል። ሸራ ወይም ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ወይም ቆጥ ሠርተን እናስጣው። ስስ አድርገን እንበትነው። በቀን ብዙ ጊዜ እናገላብጠው። ማታ እንሸፍነው፤ ጤዛ ይወርድበታልና። በአስፋልት ዳር ማስጣት ደግሞ ለእህሉም ለልጆቹም ጥሩ አይደለም፤ መኪና አለ።

ስንፈለፍልም እንጠንቀቅ። በዱላ ክፉኛ የተቀጠቀጠ በቆሎ ይሰባበራል። የተሰበረ ፍሬ ሻጋታና ነፍሳት ይጋብዛል። በእጅ ወይም በመፈልፈያ መሣሪያ ብንፈለፍል ይሻላል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? በጥርስ ስንነክሰው «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል፤ ጥፍርም አይሰረጉድበትም። ሌላም መላ አለ። የጨው መላ እንበለው።

1. ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ እንያዝ። ክዳን ይኑረው።
2. ደረቅ የተፈጨ ጨው አንድ ሁለት ማንኪያ እንጨምር። ጨው እርጥበት ካለው በፀሐይ ወይም በምጣድ እናድርቀው።
3. ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በበቆሎ እንሙላ።
4. ከድነን አንድ ደቂቃ ያህል እንወዝውዘው። ከዚያ ሩብ ሰዓት እናስቀምጠው።
5. ጠርሙሱን እንይ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና እርጥብ ነው። እንደገና ይሰጣ። ጨው ካልተለጠፈ ደርቋል።

ይህን ሥራ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። ወጪ የለውም። ጨዉን ግን መልሰን ወጥ ውስጥ አንጨምረው።

ጎተራውን እናዘጋጅ

አዲሱን እህል በአሮጌው ላይ አንገልብጥ። በአሮጌው ውስጥ የቀረው ነቀዝ ለአዲሱ ዘር ይሆናል። ጎተራው ባዶ ሲሆን እንጥረገው። በየስንጥቁ የቀረውን ፍሬና ዱቄት አውጥተን እናቃጥለው። ስንጥቁን በጭቃና በእበት እንለስነው። ሲደርቅ እንሙላው። አሮጌ ኬሻና ጆንያም በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ።

ጎተራ ከመሬት ከፍ ይበል። አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ አይጥ ዘልላ አትደርስበትም። እግሩ ላይ ቆርቆሮ እንደ ጉልላት ብናለብሰው በእግሩም አትወጣም። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ሣሩን እናድስ። ጎተራውን ከዛፍና ከቤት ጣሪያ እናርቀው።

ኬሻ የምንጠቀም ከሆነ ኬሻው መሬት አይንካ፣ ግድግዳም አይንካ። ከሥሩ እንጨት እንርብርብ።

ያለ መርዝ የሚሆነው መከላከያ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ብዙ ያውቁ ነበር። ጤፍና ዳጉሳን ነቀዝ አይደፍራቸውም። ፍሬያቸው ትንሽ ስለሆነ ትል ውስጡ ሊያድግበት አይችልም። ዳጉሳ ደርቆ ከተከተተ ብዙ ዓመት ይቆያል። ለክፉ ቀን ዳጉሳ ማስቀመጥ የጎጃም ገበሬ ብልሃት ነው። አንተወው።

ጤፍን ከበቆሎ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥም የቆየ ልማድ ነው። ጤፉ በበቆሎው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ለመብል ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ለጥቂት እህል ደግሞ የተነፋ፣ የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ ቀላቅሎ ማስቀመጥ ይረዳል። ሲበላ ግን እህሉ በደንብ ይታጠብ።

አሁን ደግሞ አየር የማያስገባ ከረጢት መጥቷል። ፒክስ ይባላል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን መላ የጀመሩት በ1980 ዓ.ም. ገደማ በካሜሩን አገር ነው። መጀመሪያ ለጥራጥሬ ነበር። ኋላ ለበቆሎም ሠራ። ዛሬ በአገራችንም ይሸጣል። ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች አሉት፤ ከውጭ ደግሞ ኬሻ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል። አየር ሲያጣ መብላት ያቆማል፤ አይራባም፤ በመጨረሻ ይሞታል። መርዝ የለበትም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከረጢቶቹ እንዳልተበሱ አየር ነፍተን እንይ። በደንብ የደረቀውን በቆሎ በመጀመሪያው ከረጢት እንሙላ። አየሩን ጨምቀን እናውጣ። አፉን ጠምዝዘን፣ አጥፈን፣ አጥብቀን እንሰር። ሁለተኛውንም እንደዚሁ። በመጨረሻ ኬሻውን እንሰር። ሁለት ወር ያህል ሳንከፍት እናቆየው። ከዚያም ቶሎ ቶሎ አንክፈተው፤ በከፈትነው ቁጥር አየር ይገባል። ከአይጥ እንጠብቀው። ካልተበሳ በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። እርጥብ እህል ከከተትንበት ግን ይሻግታል። ማድረቅ መጀመሪያ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

የነቀዝ ክኒን፦ የሚታይ ክኒን፣ የማይታይ ሞት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ይህን ክፍል ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እናንብብለት።

በገበያ የነቀዝ ክኒን የሚባል አለ። የመርዙ ስም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ የአየር እርጥበት ሲነካው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ፎስፊን ይባላል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው። ነቀዙን ብቻ ግን አይደለም። አይጥን፣ ዶሮን፣ ውሻን፣ ሰውንም ይገድላል።

የብዙዎቻችንን ቤት እናስብ። ጎታው ከመደቡ ጎን ይቆማል። ኬሻው በአልጋው ራስጌ ይደረደራል። ክኒኑ እህሉ ውስጥ ይጣላል። ማታ በሩ ይዘጋል፤ ልጆች ይተኛሉ። ጋዙ በኬሻው ሽመና ውስጥ ይወጣል። በጎታው ስንጥቅ ይወጣል። ከአየር ከበድ ስለሚል ወደ ታች ይወርዳል፤ ልጆች በተኙበት ይከማቻል። አንዳንዴ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ሽታ የለም ማለት ግን ጋዝ የለም ማለት አይደለም።

ጋዙ የነካው ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል። ያቅለሸልሸዋል፤ ያስመልሰዋል። ሆዱን ይቆርጠዋል። ደረቱን ይጨንቀዋል፤ ያስለዋል። «ምች መታው» ወይም «የበላው ምግብ አልተስማማውም» ብለን እንዳንዘናጋ። ክኒን የገባበት እህል ባለበት ቤት ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ከታመመ መርዙን እንጠርጥር። ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም። ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት የበሽተኛውን ትንፋሽና የደም ዝውውር መርዳት ነው። ስለዚህ የሚያድነው መፍጠን ነው።

ምን እናድርግ?

• ሁሉንም ሰው ወዲያውኑ ከቤት እናውጣ። በሩንና መስኮቱን እንክፈት።
• ወደ ቤቱ ተመልሰን ዕቃ ለማውጣት አንግባ።
• ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል እንሂድ። «ትንሽ ይሻለው እንደሆነ እንይ» አንበል።
• ክኒኑን የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው አናድርግ። ውሃ፣ ወተት ወይም ሌላ ነገር አናጠጣው። ውሃ ሲነካው ጋዙ ይበዛል።
• ውጭ የሚገኝ ከሆነ የክኒኑን ዕቃ ለሐኪሙ እናሳይ። ስሙን ማወቁ ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሰውና ከብት በሚያድርበት ቤት የነቀዝ ክኒን ፈጽሞ አይግባ። ይህን ሥራ የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው። የሚሠራውም ከመኖሪያ ቤት በራቀ፣ በደንብ በሚዘጋ መጋዘን ነው። እህሉም ከዚያ በኋላ ቀኑን ጠብቆ በነፋስ ይናፈሳል። የግብርና ባለሙያውን ሳንጠይቅ አንግዛ፤ በፍሬ ቆጥሮ ከሚሸጥ ነጋዴም አንግዛ። በጭንቀት ላይ ያለ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ መርዝ መኖሩ ራሱ አደጋ ነው።

ለማሳ አረምና ለተባይ የሚረጨውንም መድኃኒት እህል ላይ አንርጭ። የማሳው ለማሳ ነው። የመርዝ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለዘይት፣ ለጨው ወይም ለውሃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ፊደል መቁጠራችን ይጠቅመናል። በመርዝ ዕቃ ላይ የራስ ቅል ሥዕልና ባለቀለም መስመር አለ። ቀዩ መስመር እጅግ አደገኛ ማለት ነው። በአማርኛ የተጻፈውን እናንብብ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ተማሪ ልጃችንን ወይም የግብርና ባለሙያውን እናስነብብ። የምናነበው ሰው ሳናገኝ ዕቃውን አንክፈት።

የሻገተ እህል ለምንም አይሆንም

በብዙ ቤት አንድ ልማድ አለ። በቆሎው ሲሻግት «ግዴለም፣ ለጠላ ይሆናል» ይባላል። ወይም ለላምና ለዶሮ ይሰጣል። ይህን ልማድ እንተው።

አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል። ብዙ የገባበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሆዱ ያብጣል፤ ሊሞትም ይችላል። ጥቂት በጥቂት ለብዙ ዓመት የበላው ደግሞ በጉበት ካንሰር ሊያዝ ይችላል። ይህ መርዝ በመቀቀል፣ በመጋገርና በመጥመቅ አይጠፋም። እሳት ሻጋታውን ይገድላል፤ መርዙ ግን ይቀራል።

በ1996 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ ምን ሆነ? በምሥራቅ ኬንያ ሰዎች እርጥብ በቆሎ አስቀምጠው ነበር። በቆሎው ሻገተ። ያንን የበሉ 317 ሰዎች ታመሙ። ከእነሱ 125ቱ ሞቱ። እነሱም እንደ እኛ በቆሎ አምራች ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ከብትና ዶሮም አይተርፉም። በ1952 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ዶሮ መሰል ወፎች የሻገተ የለውዝ መኖ በልተው አልቀዋል። ይህ መርዝ መጀመሪያ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ላም የሻገተ ከበላች መርዙ በወተቷ ይመጣል። ወተቱን የሚጠጣው ልጃችን ነው።

እንግዲህ ከመፍጨታችን በፊት እንልቀም። ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተጨማደደውን፣ የተሰበረውንና የሻገተውን እናውጣ። መልቀም መርዙን በጣም ይቀንሳል። የወጣውን እንቅበረው ወይም እናቃጥለው።

በርበሬም እንደዚሁ ነው። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ገበያ የሚፈልገው ነው። እርጥቡን በርበሬ መሬት ላይ ከማስጣት በቆጥ ወይም በሸራ ላይ እናስጣ። ከማስፈጨታችን በፊት ውስጡ የሻገተውን እንለይ። ከተፈጨ በኋላ ሻጋታው አይታይም። ማሳ ላይ በርበሬው የሚጠወልግብን ከሆነ ደግሞ የታመመውን ከነሥሩ ነቅለን እናቃጥል። ውሃ እንዳይቋጥር ቦይ እናውጣ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሳ ላይ በርበሬ፣ ድንች ወይም ቲማቲም አንድገም፤ በቆሎ፣ ዳጉሳ ወይም ጤፍ እንዝራ።

ከጎተራ ወደ ማእድ ቤት

ያዳንነውን በቆሎ እንዴት እንብላው? በቆሎ ብቻውን ሆድ ይሞላል፤ ልጅን ግን በደንብ አያሳድግም። ልጅ እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ጡት ሳይለይ ገንፎ ይጀምር። የገንፎው ዱቄት እንዲህ ይዘጋጃል። 3 እጅ እህል እንያዝ፤ በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ዳጉሳ ሊሆን ይችላል። 1 እጅ ጥራጥሬ እንጨምር፤ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም አተር። ሁሉም ተለቅሞ፣ ታምሶ ይፈጭ።

ገንፎው አይቅጠን፤ በማንኪያ ላይ የሚቆም ይሁን። ቅቤ ወይም ዘይት ጠብ እናድርግበት። ከተገኘ ወተት ወይም እንቁላል እንጨምር። ተቀቅሎ የተፈጨ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ ለዓይኑ ይጠቅመዋል። እጃችንን በሳሙና ታጥበን እንሥራ፤ የልጁንም እጅ እንጠብ። የጠዋቱን ገንፎ ለማታ አናቆይ። አባቶችም ልጅ ማብላት የእናት ሥራ ብቻ ነው አንበል።

የጓሮው ጉዳይ

ካሮትና ጎመን ከገበያ ብቻ አይመጣም። ከቤት ጀርባ አንዲት መደብ ይበቃል። የበቆሎው አገዳ ከከብት ከተረፈ እንቆራርጠው። አገዳ፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር እያፈራረቅን እንከምር። እንዳይደርቅ ውሃ እንርጭበት። በየወሩ እናገላብጠው። በ3 ወይም በ4 ወር ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ብስባሽ ይሆናል። ለጎመኑ ከዚህ የተሻለ የለም። ዕቃ ያለቀለቅንበትን ውሃ ለመደቡ እናፍስስ።

ጎመኑን ክሽክሽ ቢይዘው የማሳ መርዝ አንርጭ። ቅጠሉን ነገ እንበላዋለን። በ1 ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ሳሙና አሟሙተን ቅጠሉን ከላይም ከሥርም እንጠብ። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ እናለቅልቀው። ካልለቀቀ ከጥቂት ቀን በኋላ እንድገመው።

እስቲ እንወያይ

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በቤታችንና በትምህርት ክፍላችን እንወያይባቸው።

1. በቤታችን እህሉ የሚቀመጠው የት ነው? ልጆች የሚተኙትስ የት ነው?
2. በቤታችን የነቀዝ ክኒን ወይም ሌላ መርዝ አለ? ማን ያውቃል? ልጅ ይደርስበታል?
3. በቆሎአችን መድረቁን በምን እናውቃለን?
4. ፒክስ ከረጢት በአቅራቢያችን የት ይሸጣል? ብዙ ሆነን ብንገዛስ?
5. የሻገተ እህል ለጠላ ወይም ለዶሮ የምንሰጥ ከሆነ ከአሁን በኋላ ምን እናደርጋለን?

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሳችን «አዎ» ከሆነ ዛሬውኑ አንድ ነገር እናድርግ። ማታ እስኪመጣ አንጠብቅ። ክኒን የገባበት እህል በቤት ካለ ከቤት እንውጣ፤ ልጆቹ ዛሬ ሌላ ቤት ይደሩ። እህሉን ራሳችን ለማውጣት አንግባ። የግብርና ባለሙያውን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን እንጥራ። እህል ጠፍቶ በሚቀጥለው ዓመት ይበቅላል።